ጨሞጋ ዳር እንዶድ የምትወቅጠው ሴት

ዛር ነው፣ ጋኔን ነው ሲባል ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ እናቴ እንኳ «አንች ልብሽ ደንጊያ ነው» ትለኝ ነበር፣ ስለዚህ ወዳጄ፣ ፈርታ ያየችው ነው እንዳትለኝ።

በጣሊያን ጊዜ ነው፣ ከሮብ ገበያ ወዲያ ስንኖር፣ የጎረቤት ውሻ አብዶ ታናሽ ወንድሜን አየለን ባቱ ላይ ነከሰው፣ እኔ ነኝ ታግዬ ያላቀቅሁት። መድኃኒተኛው ሽማግሌ ሥር ወቅጠው አጠጡትና «አርባ ቀን ወንዝ እንዳይሻገር፣ ከተሻገረ መድኃኒቱ ይረክሳል» አሉ። በእኛ አገር ይህን የሚጥስ የለም። ዳሩ ግን ባለፈው ዓመት ያንኑ ሥር የጠጣ ጎረቤታችን ውኃ ባየ ቁጥር እየተንቀጠቀጠ ሲሞት አይቻለሁ። ማርቆስ ከተማ የጣሊያን ሐኪም ቤት የእብድ ውሻ መርፌ አለ ሲሉ ሰምቼ፣ በማግስቱ አየለን ይዤ ወጣሁ።

ቀትር ላይ ጨሞጋ ወንዝ ደረስን፣ አየለ ቁጭ አለ።

«አልሻገርም! መድኃኒቱ ቢረክስ የምትቀብሪኝ አንች ነሽ።»

እየለመንኩት ሳለ ዱቅ፣ ዱቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ዞር ስል አንዲት ሴት ድንጋይ ላይ እንዶድ ትወቅጣለች፣ እመነኝ፣ የሚታጠብ ልብስ ግን አጠገቧ የለም። ቀና ሳትል «እግሩን አምጭው» አለችኝ። አረፋውን ቁስሉ ላይ እያሸች፣ ውኃ እያፈሰሰች፣ አቡነ ዘበሰማያት ደጋግሞ ለማድረስ የሚበቃ ጊዜ አጠበችው።

«ውኃ የሚያስፈራው ኋላ ነው፣ ዛሬ ሳትፈራው ተሻገር» አለችው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «እጅሽንስ?» አለች።

ደነገጥኩ። ውሻውን ሳላቅቅ ጥርሱ ትንሿን ጣቴን ጫር አድርጓት ነበር፣ እኔንም ወንዝ ከከለከሉኝ አየለን ማን ይወስደዋል ብዬ ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። እጄን ዘረጋሁላት፣ አጠበችኝ።

ከተሻገርን በኋላ ዘወር ብል ማንም የለም፣ ድምፁ ግን ዳገቱን እስክንጨርስ ዱቅ፣ ዱቅ ይል ነበር። ማርቆስ ስንደርስ ጣቴንም አሳየሁ፣ ሐኪሙ ሁለታችንንም ሆዳችን ላይ በየቀኑ ወጋን፣ አስተርጓሚው «መታጠባችሁ ደግ ነው፣ ግን ያለ መርፌው አይበቃም ይላል» አለን።

አየለ ይኸው ሸብቷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ያን ቀን ካነሳሁበት ግን «ምን ሴት? ያጠብሽኝ አንች ነሽ» ይላል። «እንዶዱንስ ከየት አመጣሁት?» ስለው ተነሥቶ ይወጣል። እኔም ትንሿን ጣቴን አሸታታለሁ፣ ስንት ዘመን ታጥቤያት አሁንም አንዳንድ ቀን እንዶድ እንዶድ ትላለች።