ሠላሳኛው ደቂቃ

የሯጩ የአምሳሉ አስከሬን የተገኘው በ2001 ዓ.ም. ኅዳር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ካለ ገደል ሥር ነው። አሠልጣኙ እንዳላማው ሬሳውን አይቶ አላለቀሰም። የሚያየው ሁሉ የሌላ ሰው ጉዳይ መሰለው።

ኢንስፔክተር ሥራነሽ ከሟቹ አንገት ላይ የሩጫ ሰዓቱን ፈታች። መስታወቱ ተሰባብሯል፤ ደቂቃ ቆጣሪው ሠላሳ ላይ ቆሟል።

«ማክሰኞ ምን ዓይነት ልምምድ ነው?» ብላ አሠልጣኙን ጠየቀችው።

«ቀላል። ሰኞ ከባድ ስለሚሮጡ ማክሰኞ እያወሩ ነው የሚሮጡት፤ አንዱን ኪሎ ሜትር በስድስት ደቂቃ። ሰውነት የሚጠነክረው ያን ጊዜ ነው።»

«ከመነሻው እዚህ ስንት ይሆናል?»

«አምስት ኪሎ ሜትር።»

ከአምሳሉ ጋር የወጣው የቡድን ጓደኛው ቢተው ብቻ ነበር። የሹራቡን እጅጌ እስከ መዳፉ ስቦ ቆሟል።

«ገና ስንነሳ ጥሎኝ ሄደ» አለ። «እኔ በታዘዝኩት ፍጥነት እዚህ ድረስ ሮጬ ተመለስኩ። መንገድ ላይ አላየሁትም።»

የቡድናቸው ሯጭ ወለላ ግን ሌላ ነገር ተናገረች።

«ቢተው ቀላል ቀን አያውቅም። ከሰዓት በኋላ ተደብቆ ዳገት ይሮጣል፤ ደክሞ አለቀ። አምሳሉ ለአሠልጣኙ እነግራለሁ ብሎት ትናንት ተጣሉ።»

ቀትር ላይ ሥራነሽ ሦስቱንም መለማመጃ ሜዳው ላይ ሰበሰበቻቸው።

«አምስት ኪሎ ሜትር በሠላሳ ደቂቃ» አለች። «አንዱ በስድስት ደቂቃ ማለት ነው። አምሳሉ አልፈጠነም፤ ጥሎህም አልሄደም።»

«ፈጥኖ ደርሶ ቆሞ ቢሆንስ?» አለ ቢተው።

«ይሁን። በታዘዝኩት ፍጥነት ሮጥኩ ብለሃል። እንግዲያው አንተም እዚያ የደረስከው በሠላሳኛው ደቂቃ ነው። ሮጠም ቆመም፣ ሲወድቅ አጠገቡ ነበርክ። ደግሞስ በዚህ ፀሐይ እጅጌህን ምነው አልሰበሰብክም?»

ቢተው እጅጌውን ሰበሰበ። ክንዱን ጥፍር ቧጭሮታል።

«እንዳይናገርብኝ ለመንኩት» አለ። «እንቢ አለኝ። ገፋሁት።»

ሥራነሽ ወደ እንዳላማው ዞረች።

«የቢተው ፍጥነት እየወረደ መሄዱን አላዩም?»

«አይቻለሁ።»

«ምን አሉት?»

«ሰንፈሃል አልኩት። ካልተሻሻልክ ከቡድኑ ትወጣለህ አልኩት።»

ፖሊሶቹ ቢተውን ይዘው ሄዱ።

እንዳላማው በሚኒባስ ተሳፍሮ ጉንደ ወይን፣ ከአምሳሉ እናት ከወይዘሮ ወለተ ሰንበት ደጅ ደረሰ።

«ምነው ልጄ፣ ብቻህን መጣህ?» አሉት።

የሆነውን ሁሉ፣ ለቢተው የተናገረውንም ሳያስቀር ነገራቸው። ጩኸታቸውን ሰማ፤ ጎረቤት እየሮጠ ሲመጣ አየ። እሱ ግን በቆመበት ምንም አልተሰማውም።