ወደ ኋላ የማትሄደው ፒክአፕ

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ሰው የነገረኝ አይደለም።

ሌሊትም አልነበረም... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር። ፀሐይ በጋራዡ ቆርቆሮ ቀዳዳ እየገባች፣ ጎረቤት ልብስ እያሰጣች ነው የሆነው።



እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴን ብቻውን መተው አላስችል አለኝ። ዕቃዬን ጠቅልዬ ወደ ቤት ተመለስኩ። ድሮም ዝምተኛ ነው። እሷ ከሄደች ወዲህ ግን ጭራሽ ቃል ጠፋው። ጠዋት በረንዳ ላይ ይቀመጣል፣ ሲመሽ ከዚያው ይነሳል።

ጓሮ፣ ጋራዡ ውስጥ፣ አሮጌ ፒክአፑ አለች። በወጣትነቱ ጡብ ያመላልስባት ነበር። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ቆማለች... ጎማዋ ተንፍሶ፣ ኮፈኗ ዝጎ፣ አፍንጫዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ።

ላድሳት አልኩ። መሪዋን ሲይዝ ነፍሱ መለስ ትል ይሆናል ብዬ።

ስነግረው ፊቱን አዞረ።

"ተዋት።"

"ለምን አባዬ?"

"ተዋት አልኩህ።"

አልተውኳትም።

እኔ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። እጄ ከወረቀት ሌላ አያውቅም። ብሎን በየት በኩል እንደሚፈታ የተማርኩት ከስልኬ ቪዲዮ ነው። ደግነቱ ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ሰፈሩ "ጋሽ ብሎን" ይላቸዋል።

"ይህቺ መኪና ካንተ ትበልጣለች" አሉኝ የመጀመሪያው ቀን። "ስትነካት አንቱ እያልክ ይሁን።"

ሳቅን። ያኔ ገና እስቅ ነበር።

ካንዴላዎቹን ቀየርን። የነዳጅ ታንኩን አጠብን። ፍሬኑን እንደ አዲስ ሠራን። በሮቿን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ጎድጓዳውን የሚሞላ ስቱኮ ቀባኋቸው።

በማግስቱ ጠዋት ስገባ የቀኙ በር ስቱኮ ላይ የእጅ አሻራ ነበር።

አምስት ጣት... ትንንሽ።

ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ብሎ።

የጎረቤት ልጅ ይሆናል አልኩ። ግን ጋራዡ ተቆልፎ ነው ያደረው። ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነበር።

ፈግፍጌ አጠፋሁት። ያንን አሻራ ማጥፋቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዚያ ያ ከሰዓት መጣ።

መኪናዋን በክሪክ አንስቼ፣ ካርቶን አንጥፌ፣ ከሥሯ ተኝቻለሁ። አጠገቤ የመፍቻዎቹ ሳጥን ሲንኳኳ ሰማሁ። ጋሽ ብሎን መጡ ብዬ እጄን ወደ ውጭ ዘረጋሁ።

"ጋሼ፣ አሥራ ሦስት ቁጥር ያቀብሉኝ።"

መፍቻ መዳፌ ላይ አረፈ። አየሁት። ስምንት ቁጥር ነው።

"አሥራ ሦስት እኮ ነው ያልኩት።"

ሌላ መጣ። አሥር ቁጥር።

ሌላ መጣ። አሥራ ሰባት።

ቁጥር ማንበብ እንደማይችል ሰው...

"ጋሼ፣ እየቀለዱብኝ ነው?"

ያኔ የግቢው በር ተንኳኳ።

"ክፈት እንጂ! ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ጥሎኝ ነው የቆየሁት!"

የጋሽ ብሎን ድምፅ ነበር።

ከውጭ።

እጄ እንደተዘረጋ ቀረ።

ከዚያ ከጆሮዬ አጠገብ... ከመኪናዋ ሥር... አንድ ሰው በሹክሹክታ እንዲህ አለኝ፦

"ሽሽ... እንዳትነግረው።"

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ክርኔ ተልጦ ደም በደም ሆኖ ነበር። ለጋሽ ብሎን የሆነውን ስነግራቸው ይቀልዳሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልቀለዱም። አባቴ ወደተቀመጠበት በረንዳ ዞረው አዩ።

"እንጨርሳት" አሉ ቀስ ብለው። "ለእሱም ይሻላል።"

በሦስተኛው ቀን ሞተሩ ተነሳ። ጋሽ ብሎን ጋቢና ገብተው ማርሾቹን ሞከሩ። አንደኛ ገባ። ሁለተኛ ገባ። ሦስተኛም ገባ።

የኋላው ማርሽ ግን... እምቢ።

ካምቢዮውን፣ የማርሹን ሳጥን፣ ፈትተን አየነው። ምንም ጉድለት የለውም። መልሰን ገጥመን እንደገና ሞከርን።

እምቢ።

ቀና ስል አባቴ የጋራዡ በር ላይ ቆሟል። እዚያ ሲቆም በሕይወቴ አይቼው አላውቅም።

"አጥፉት!"

"አባዬ..."

"ከሥር አይታችኋል? ከሥሯ አይታችኋል ወይ?!"

ጋሽ ብሎን ሞተሩን አጠፉ። ወረዱና አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ያውቁ ነበር።

"ሚጣን ታውቃታለህ" አለኝ አባቴ።

አውቃታለሁ። ሳሎን ፎቶዋ የተሰቀለው፣ ባለ ሁለት ሹሩባዋ ልጅ። ታላቅ እህቴ ናት... ግን አራት ዓመቷ ላይ ቀረች። እኔ ሳልወለድ ትኩሳት ገደላት እየተባልኩ ነው ያደግኩት።

"ትኩሳት አልነበረም" አለ።

ግድግዳውን ተደገፈ።

"ጠዋት ጠዋት መኪናዋን ወደ ኋላ አውጥቼ ወደ ሥራ ልሄድ ስል ከሥሯ ትደበቃለች። ትቻት እንዳልሄድ። እናትህን 'ሽሽ፣ እንዳትነግሪው' ትላታለች... እኔ እሰማታለሁ። ጎንበስ ብዬ እግሯን ይዤ አወጣታለሁ። ሳቋ! አንድ ቀን እንኳ ሳላይ ወጥቼ አላውቅም ነበር።"

ጎማዋን አየ።

"ያን ቀን ቸኮልኩ።"

ሠላሳ ስድስት ዓመት። እናቴም፣ ጋሽ ብሎንም ይህን ተሸክመው ኖሩ። እሱን ለማትረፍ "ትኩሳት" አሉት።

የሰማሁትን ሹክሹክታ ነገርኩት።

አላለቀሰም።

"ደግፈኝ" አለ።

ደግፌ አንበረከክሁት። ጉንጩ ሲሚንቶውን እስኪነካ ጎንበስ አለና ከሥር አየ።

እኔም አየሁ። ካርቶንና የዘይት ጠብታ ብቻ ነው ያለው።

የአባቴ ፊት ግን ተለወጠ።

"አንቺ..." አለ በሹክሹክታ። "እስካሁን?... ሳይደክምሽ?"

ቀኝ እጁን ወደ ውስጥ ዘረጋ። ጣቶቹ ቀስ ብለው አንድ ነገር ላይ ተጨበጡ።

"ነይ። ነይ ውጪ፣ የኔ ልጅ። ትቼሽ አልሄድም።"

ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

በማግስቱ የኋላው ማርሽ ያለ ምንም ችግር ገባ። አባቴን ጋቢና አስገብቼ ሰፈሩን አዞርኩት። በሩ ላይ ተለጥፎ ተቀመጠ።

"ጠጋ በል እንጂ አባዬ፣ ትወድቃለህ።"

"አይበቃንም" አለ። "ቀስ ብለህ ንዳ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ፣ አጭር አጭር እየተራመደ መሄድ ጀመረ። ቀኝ እጁ ሁልጊዜ ዝቅ ብሎ ግማሽ ተጨብጧል። ሰፈሩ ጎኑን መታው አለ። ሐኪሙ ምንም አላገኘም። በግራ እጁ ይበላል፣ በግራው ይለብሳል። ማውራትም ጀመረ። ቀኑን ሙሉ ያወራል፣ ይስቃል...

ከእኔ ጋር ግን አልነበረም። እኔ ስገባ ዝም ይላል።

ቀናሁ። እውነቴን ነው። የሞተች እህቴ ላይ ቀናሁ።

በሁለተኛው ወር፣ አንድ ከሰዓት ከሥራ ስመለስ፣ በረንዳው ላይ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አርፎ አገኘሁት። ሰዓታት አልፈዋል። ግንባሩ፣ አንገቱ፣ እግሩ... ሁሉም ቀዝቅዞ ድንጋይ ሆኗል።

ጋሽ ብሎንን ጠርቼ አልጋው ላይ አስተኛነው። እጆቹን ልናስተካክል የግራውን አጠፍነው። ወደ ቀኙ ሲደርሱ ጋሽ ብሎን ነካ አድርገውት ደንግጠው እጃቸውን ሰበሰቡ።

"አንተ ያዘው" አሉኝ።

ያዝኩት።

መዳፉ ትኩስ ነበር... ላብ ነበረው።

የሕፃን ልጅ እጅ ይዞ ረጅም መንገድ እንደሄደ ሰው መዳፍ።