ያልተመለሰ ጉርሻ

ይህ በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ያላመነ ይተወው።

ጊዜው በኢሕአዴግ ዘመን ነው፣ 1994 ዓ.ም.። አቃቂ በሰቃ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ።

ባለቤቴን አቻምየለሽን ይዤ ሄድኩ። አንድ ሰሞን እንቅልፍ አጥታ ስትስቅ ትውላለች። ሌላ ሰሞን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። በዚያ ሰሞን "መሞት ይሻለኛል" ማለት ጀምራ ነበር። ከእጄም አልቀምስ ብላለች።

ነርሷ፣ ሲስተር ሐናን፣ "አባባ፣ ውጭ ይጠብቁን" አለችኝ።

ወጣሁ። በሩ ግን አይገጥምም ነበር፣ ሲስተር ስትጠይቃት ይሰማኛል...

"እህል ትቀምሻለሽ?"

"በዛብህ ያጎርሰኛል።"

በዛብህ የመጀመሪያ ባሏ ነው። የባቡር ሠራተኛ ነበር። ከሞተ ቆይቷል።

ድምጿ ለስላሳ ነበር። እኔን እንዲህ አውርታኝ አታውቅም። 

"ራስሽን ለማጥፋት ታስቢያለሽ?"

"አብረን እንሂድ ይለኛል።"

"መቼ?"

"እሱ አጉርሶኛል። እኔ ገና አላጎረስኩትም። ሳጎርሰው እንሄዳለን።"



በስንጥቁ አየሁ። የአግዳሚ ወንበሩ ጫፍ ላይ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። አጠገቧ የአንድ ሰው ቦታ ለቃለች።

ሲስተር ወጣች። "ሆስፒታል መተኛት አለባት" አለች በሹክሹክታ። "መኪና ልጥራ። ካጠገቧ እንዳይነሱ።"

"ከማን ጋር ነው የምታወራው?"

"በሽታው ነው፣ አባባ። አይቆጧት።"

ይህን ስትል ወደ ክፍሉ ዞራ አላየችም።

ገባሁ። የተለቀቀው ቦታ ላይ ሆን ብዬ ተቀመጥኩ።

እንጨቱ ሰው አሁን የተነሳበት ይመስል ይሞቃል...

ከቤት ያመጣሁትን ምሳ ዕቃ ከፈትኩ። እንጀራና ሽሮ ነው። ራሴ ነኝ ያሰርኩት።

በአንድ በኩል ተቆርሷል።

"ማን ነካው?"

ፈገግ አለች።

"አቻሜ፣ እኔን አጉርሺኝ" አልኳት ቀስ ብዬ። "ባልሽ እኔ ነኝ።"

"ቀንተው ነው?"

"አዎ።"

እጄን ዳበሰችው። ከዚያ ጠቀለለች... ተጠንቅቃ፣ ሽሮው እንዳይንጠባጠብ።

ዘረጋችልኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

አፌን ከፈትኩ።

ውጭ የመኪናው ጥሩምባ ተሰማ።

እጇ በጆሮዬ በኩል አልፎ ሄደ። ከኋላዬ ያለው ግድግዳ ብቻ ነው።

ስትመልሰው ጣቶቿ ባዶ ነበሩ።

ነጠላዋን ለመንገድ አስተካከለች...