ከባድ ማርሽ

«ተከሳሹ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ መውረዱን ራሱ አምኗል» ብሎ የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ጸሐፊ አነበበ።

አዳራሹ አጉረመረመ። ሊቀመንበሩ ጓድ ደምሴ ራሱን ነቀነቀ። «ድንጋይ ጭኖ፣ በዚያ ላይ በከባድ ፍጥነት። ጓዶች፣ ከዚህ ወዲያ ምን ይፈለጋል?»

ከኋላ የተቀመጠችው የተከሳሹ ልጅ ታቢታ ደሟ ፈላ። ፍጥነት ማን አለ? አዋሳ ውስጥ ያለ ሾፌር ሁሉ ከባድ ማርሽ የሚለው አንደኛንና ሁለተኛን ነው፤ መኪናውን ከነጭነቱ ይዞ ቀስ አድርጎ የሚያወርደውን። ጓድ ደምሴ ግን ከብስክሌት ሌላ ነድቶ አያውቅም። «ከባድ» የሚለውን ሰማ፣ በቃው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።

የአቶ ደበሌ የጋሪ ፈረስ ከታቦር ተራራ ቁልቁለት ግርጌ ደንብሮ አባቷ የሚነዳው የጭነት መኪና ሥር ገብቶ ሞቷል። ይህ እውነት ነው፤ አባቷም አዝኗል። ግን የአቶ ደበሌ የእህት ልጅ ሽታዬ፣ ከታቢታ ጋር በአንድ ዴስክ የምትማረው ሽታዬ፣ ተነሥታ «እንደ ንፋስ ሲበር አይቻለሁ፤ ሰማንያ ይሆናል» ብላ መሰከረች። ውሳኔው ለሚቀጥለው እሑድ ተቀጠረ። ጥፋተኛ ከተባለ መንጃ ፈቃዱ ይነጠቃል፤ ከመንዳት ሌላ ሥራ ደግሞ አያውቅም።

«አባባ፣ ለምን አላስረዷቸውም?» አለች መንገድ ላይ።

«አስረዳሁ እኮ ልጄ። በከባድ ማርሽ ነው የወረድኩት አልኳቸው። ከዚህ በላይ ምን ይባላል?»

ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። ቤት እንደደረሱ ስንጥር አንሥታ ግቢው አፈር ላይ ቁጢጥ አለች። «ቁጥሩን ይንገሩኝ።»

አባቷ ነገራት። ሞተሩ ቢበዛ በደቂቃ ሁለት ሺህ አራት መቶ ጊዜ ይዞራል፤ ከዚያ ካለፈ ይበታተናል። በወረደበት በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ አራት ጊዜ ሲዞር ከማርሽ ሳጥኑ፣ ከካምቢዮው፣ የሚወጣው ዘንግ አንዴ ይዞራል። ዘንጉ ስድስት ጊዜ ሲዞር ደግሞ ጎማው አንዴ። አራት በስድስት ሃያ አራት። እንግዲያው ጎማው በደቂቃ መቶ ጊዜ ይዞራል፤ አንዱ ዙር ሦስት ሜትር ነው። በደቂቃ ሦስት መቶ ሜትር፣ በሰዓት አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር።

ታቢታ አጥፍታ ደግማ አሰላችው። አሥራ ስምንት። የአቶ ደበሌ ፈረስ ራሱ ሲጋልብ ይቀድመው ነበር።

ሰኞ ጠዋት መምህሩ ሳይገባ ስሌቱን ሰሌዳው ላይ ጻፈችና ሽታዬን ጠራቻት። ሽታዬ አንብባ ግንባሯን ቋጠረች።

«አቦ ተይኝ። ታዲያ ለምን እንደዚያ ጮኸ? እኔ አጥር ግቢ ውስጥ ልብስ ሳሰጣ ምድሩ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር።»

«አጥር ግቢ ውስጥ?»

ሽታዬ ፊቷን ወደ ሰሌዳው መለሰች።

«ጎማው አንዴ እንዲዞር ሞተሩ ሃያ አራት ጊዜ ይዞራል። የጮኸው መኪናው ቀስ ሲል ሞተሩ ስለሚፈጥን ነው። አየሁ ያልሽው ታዲያ ምኑን ነው?»

«አጎቴ ነው እንዲህ በይ ያለኝ። አሁን ቃሌን ብለውጥ ቤት አያስገባኝም። ፈረሱም ሞቶበታል...»

ታቢታ ውሸታም ልትላት ፈለገች። ተናደደችባት፤ አዘነችላትም፤ ማዘኗ ራሱ አናደዳት። ሰሌዳውን ሳታጠፋ ወደ ዴስኳ ተመለሰች።

እሑድ ጓድ ደምሴ ውሳኔውን ሊያነብ ሲነሣ ታቢታ እጇን አወጣች። ሊቀመንበሩ እንዳላየ ሆነ። አባቷ ቀሚሷን ጎተተ። «ተይ ልጄ፣ ይቆጡሻል።» ክንዷ ዛለ፤ በሌላው እጇ ደገፈችው እንጂ አላወረደችም።

«ምንድን ነው እሱ? የልጆች ስብሰባ መሰለሽ?» አለ ሊቀመንበሩ በመጨረሻ።

ከፊት የተቀመጠችው ሽታዬ ዞራ አየቻት፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ታቢታ ስሟን ልትጠራ ትችል ነበር። አልጠራችም።

«አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለች ተነሥታ። «ከባድ ማርሽ የሚባለው ስንተኛው ነው?»

ጓድ ደምሴ ወደ ጸሐፊው ዞረ። ጸሐፊው ወረቀቱን ያይ ጀመር። በሩ አጠገብ የቆሙ ሾፌሮች እርስ በርስ ተያዩ።

«ተቀመጪ» አለ ሊቀመንበሩ።

ታቢታ መልሱን እየጠበቀች እንደቆመች ቀረች።