ሰባተኛው ሕግ

«መብላት የሌለበት ቼዝ» ይላል የቼዝ ክበቡ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት። ከርዕሱ ሥር ደግሞ «ፈጣሪ፦ ጉንጬ፣ 8ኛ ለ»።

ቀጮ ከስንት ጊዜ በኋላ ክበቡ ብቅ ብላ ይሄን ስታነብ ደሟ ፈላ። ጉንጬ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ የተጋራቻት ጓደኛዋ ናት። ጨዋታውን የፈጠረችው ግን ቀጮ ነች፤ ያውም ቢቸግራት። ታናሽ እህቷ ሚጢጢ አንድ ወታደር በተበላባት ቁጥር ቤቱን በለቅሶ ስለምታናውጠው፣ «በቃ፣ ማንም ማንንም አይበላም። ንጉሡን ማዶ ጫፍ ቀድሞ ያደረሰ ያሸንፋል» ብላ ተገላገለች። ለጉንጬም ያስተማረቻት እሷው ናት። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ማለት ይሄ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለቻት ወረቀቱን እያሳየቻት።

«ኧረ አታካብጂ» አለች ጉንጬ፣ ዓይኗን ሰብራ። «ቲቸር ማን ፈጠረው ሲሉኝ ከአፌ አመለጠኝ። አንቺ ራስሽ ክበቡ ደበረኝ ብለሽ ቀርተሽ የለ?»

ቀጮ ልትመልስላት አፏን ስትከፍት አዲሱን ጨዋታ ከሚሞክሩት ልጆች ማጉረምረም ተነሳ። የሁሉም ጨዋታ ቆሟል። የሚበላ ስለሌለ ጠጠሮቹ መሀል ላይ ተጨናንቀዋል፤ ንጉሦቹ መውጫ፣ ፈረሶቹም ማረፊያ አጥተዋል።

«ጉንጬ፣ እንዲህ ሲዘጋጋ ምንድን ነው የሚደረገው?» አሉ ክበቡን የሚመሩት የሒሳብ መምህር።

ጉንጬ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ቃኘችው። ሕጎቹ ሰባት ናቸው፤ እሷ የምታውቀውና የጻፈችው ግን ስድስቱን ብቻ ነው። ሰባተኛውን ያመጣችው ሚጢጢ ነበረች፤ አንድ ቀን መንገድ ሲዘጋባት፣ ልታለቅስ ከንፈሯን ጥላ፣ ንጉሧን ከጎኑ ካለው ጠጠር ጋር ቀያየረችው።

የቀጮ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ትዋረድ፣ የራሷ ጉዳይ።

«እንግዲያው ይሄ ጨዋታ አያስኬድም» አሉ መምህሩ። «ወረቀቱን አንሡትና የለመድነውን እንጫወት።»

ቀጮ ወደ ወረቀቱ ተጠጋች። ንዴቷ አልበረደም። ከጉንጬ እጅ እስክሪብቶ ነጠቀችና ከስድስተኛው ሕግ በታች ጻፈች፦ «7. መንገድ የተዘጋበት ንጉሥ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከጎኑ ካለ ከየትኛውም ጠጠር ጋር ቦታ ይቀያየራል። ሕጉን ያወጣችው ሚጢጢ፣ የስድስት ዓመት ልጅ።»

እስክሪብቶውን መለሰችላት።

«የታችኛውን እኔ ጽፌያለሁ» አለቻት። «የላዩን አንቺ አስተካክዪው።»

ከዚያ ጥግ ካለው ጠረጴዛ ሄዳ ጠጠር መደርደር ጀመረች። ከኋላዋ እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ሲጫር ተሰማት፤ ዞራ ግን አላየችም። አንድ ልጅ ከፊቷ ባለው ወንበር ሊቀመጥ ሲል ቀና አለች።

«ሰው አለው» አለችው፣ እንደተኮሳተረች።