የደጀን ኩራዝ

የደጀን አስከሬን ከጉድጓዱ ሲወጣ በቀኝ እጁ የቢራ መቅጃውን ማንቆርቆሪያ እንደጨበጠ ነበር። በገላው ላይ ቁስል አልተገኘም።

ጉድጓዱ ቀድሞ የዘካሪያስ አባት ማሽላ ያኖሩበት የነበረ ነው። ደጀን በቆቦ ዳርቻ ትንሽ የማሽላ ቢራ መጥመቂያ ሲያቋቁም፣ የራያ ሙቀት ጥንስሱን እንዳያበላሽበት በርሜሎቹን በዚያ ቀዝቃዛ ጉድጓድ አስቀመጠ። ከአዲስ አበባ ለመጡ እንግዶች የመጀመሪያውን ቅምሻ ባቀረበበት ቀን ከማሽላ አቅራቢው ከዘካሪያስ ጋር በግቢው ተጣላ፤ ጥቂት ቆይቶም ሞተ። ዘካሪያስ ታሰረ። የሟች ዘመዶች ደም ስለ መመለስ መነጋገር ጀምረዋልና፣ እውነቱ ከዘገየ ሌላ አስከሬን እንደሚከተል መርማሪዋ ኢንስፔክተር ፍሬሰላም ታውቅ ነበር። እሷም የዚያው አካባቢ፣ የሮቢት ገበሬ ልጅ ናት።

በማግሥቱ በመቅመሻው ክፍል የሟችን ሚስት አነጋገረች። ከጠረጴዛው በላይ በባትሪ የሚሠሩ፣ የድሮ ፋኖስ የሚመስሉ መብራቶች በረድፍ ተሰቅለዋል።

«ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ጠቡ በምን ነበር?»

ጥሩወርቅ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች። «ለመናገርም ያሳፍራል። ዘካሪያስ እህሉን አራግፎ በአቧራ ልብሱ መጣ። እንግዶቹ እንዳያዩት በጓሮ በር ዙር አልኩት። እሱም ለደጀን ‹ቤትህ ካፈረብኝ ማሽላዬም ይፈርብህ› ብሎት ሄደ።»

«ባለቤትዎ ተቆጡ?»

«ደጀን? ‹ነገ እክሰዋለሁ፤ አንቺ ግን ጥፋተኛ ነሽ› አለኝ። ማንቆርቆሪያውን ይዞ ወደ ጉድጓዱ ሄደ። ‹በርቷል› ሲል ሰማሁት፤ ወረደ።»

«ምኑ ነው የበራው?»

«ኩራዙ ነዋ። ያን ሳያይ የሚወርድ አለ?»

ፍሬሰላም ይህን ልማድ ከአባቷ ተምራዋለች። ተከድኖ የቆየ ጉድጓድ አየሩ ሰው ይገድላል፤ ጥንስስ ያለበት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ኩራዝ ለኩሰው በገመድ ያወርዳሉ። ከጠፋ ማንም አይወርድም።

«እናንተ ስትደርሱስ ይበራ ነበር?»

«ድቅድቅ ጨለማ። ናትናኤል ነው ቀድሞ ደርሶ የጮኸው።»

ናትናኤል የሟች ታናሽ ወንድም ነው፤ የቢራ ጠመቃ በአዲስ አበባ ተምሮ የመጣ። መርማሪዋን ወደ ጉድጓዱ አፍ ወሰዳት። ኩራዙ እዚያው በምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። አውርዳ አገላበጠችው። ጥሩወርቅ እንደነገረቻት ደጀን ለዕለቱ አዲስ ክር አስገብቶለታል፤ ክሩ እሳት ሳይነካው ነጭ እንደሆነ ነው። ከሥሩ የብቅል ዱቄት ተጣብቆበታል።

«ኩራዝ ከብቅል ጋር ምን አገናኘው?»

«መጥመቂያ ቤት አይደል እንዴ፣ ኢንስፔክተር? እዚህ ግቢ ዱቄት የሌለበት ዕቃ ካገኙ እኔንም ይጥሩኝ።»

መልሱ ፈጣን ነበር። ዓይኑ ግን ኩራዙን ሸሸ።

ከዚያ ወደ ጣቢያ ተመለሰች። ዘካሪያስ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል።

«በጉድጓዱ በኩል አልፈዋል፣ አባቴ?»

«አልፌያለሁ፣ ልጄ። ለቢራ እህል የምሸጥ ሰው ነኝ፤ ከመስጊድ ሰዎች ዓይን ስሸሽ ኖሬ፣ ያን ቀን ደግሞ በጓሮ በር ተሸኘሁ። ወላሂ አንገቴን አላቀናሁም። ታች መብራት አየሁ። ደጀን ለኩራዙ ምን ዓይነት ጋዝ አገኘ ብዬ ገረመኝ፤ ጭስ አልነበረውም።»

«አሁን ከእኔ ጋር ይመጣሉ» አለች ፍሬሰላም።

ሁሉም በመቅመሻው ክፍል ተሰበሰቡ። ዘካሪያስን ከሟች ቤተሰብ የሚለየው ጠረጴዛው ብቻ ነበር። ፍሬሰላም ኩራዙን ለኮሰች፤ ወደ ጉድጓዱ ወስዳቸው በገመድ አወረደችው። ነበልባሉ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ጠፋ።

«ትናንትም እንዲህ ነበር» አለች። «ደጀን ግን ‹በርቷል› አሉ። አቶ ዘካሪያስም ጭስ የሌለው መብራት አይተዋል። እሳት በዚህ አየር አይቆይም፤ ስለዚህ ያ መብራት እሳት አልነበረም።»

ወደ ክፍሉ መልሳ በረድፍ የተሰቀሉትን ፋኖሶች አሳየቻቸው። ዝንቦች አንዱን ብቻ ከበውታል።

«ሌሎቹ ደረቆች ናቸው። የዚህ ሥር የፈሰሰ ጥንስስ ደርቆበታል፤ ጉድጓዱ ወለል ላይ ተቀምጦ ነበር። ኩራዙ ደግሞ ክሩ ሳይለኮስ በብቅል ጆንያ ውስጥ ተደብቆ ቆይቷል። ሟቹ ሲወርዱ መብራት ነበር፤ ሰው ሲሰበሰብ አልነበረም። በመካከሉ ጉድጓዱ አፍ ላይ የቆመው ቀድሞ ደርሶ የጮኸው ሰው ብቻ ነው።»

ጥሩወርቅ ወደ ናትናኤል ዞረች። «ናቲ?»

«ፋኖሱን ያወረድኩት እንግዶቹ በርሜሎቹን ከላይ እንዲያዩ ብዬ ነው» አለ ናትናኤል። «ያን ጥላሸታም ቆርቆሮ እንዲያዩብኝ አልፈለግሁም። አፍሬበት ነበር። ልነግረው አስቤ እንግዶቹን ሳስተናግድ ረሳሁት፣ እትዬ።»

«ስህተት ነበር» አለች ፍሬሰላም። «ወንድምህ ወድቀው ስታያቸው ግን ገመዱን ሳብክ። ቀድመህ ያወጣኸው ፋኖሱን ነው። የጮኽከው እሱን ከሰቀልክና ኩራዙን ወደ ምስማሩ ከመለስክ በኋላ ነው። ከዚያም እኚህ ሰው ሲታሰሩ ዝም አልክ።»

ጥሩወርቅ ቀስ ብላ ጠየቀችው። «ገመዱን ስትስብ ደጀን ይተነፍስ ነበር?»

«አላየሁም።» ናትናኤል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ፋኖሱን ነበር የማየው።»

ዘካሪያስ ጥምጥሙን አስተካክሎ ተነሣና በልማድ ወደ ጓሮው በር አመራ። ጥሩወርቅ ቀድማው ሄዳ የፊት ለፊቱን በር ወለል አድርጋ ከፈተች፤ ቀና ብላ ግን አላየችውም።

«በዚህ ውጣ፣ ወንድሜ።»

«አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» አለ ዘካሪያስ። እሱም አላያትም።