ገጹ ገና ሳይከፈት

ሟቿን ያገኛት የሕንፃው ዘበኛ ነው። ጠዋት የጓሮውን ቧንቧ ሊከፍት ሲወጣ ሲሚንቶው ላይ በጎኗ ተጋድማ አያትና፣ የተኛች መስሎት «እመቤቴ፣ ብርድ ይመታሻል እኮ» አላት።  ከሟቿ በላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ የቢሮዋ መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቶ መጋረጃው ወደ ውጭ ይውለበለባል።

ሴትዮዋ የድረ ገጽ ዲዛይነር ነበረች። ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ቀላል» ይሏታል። የሚያምር ነገር ሠርቶ እዪልኝ ያላትን ሁሉ «እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ይሆናል?» እያለች ስለምታሸማቅቅ፣ ስሙ ፍቅርም ቂምም ነበረበት። የመጨረሻ ሥራዋ የአንድ ሆስፒታል ድረ ገጽ ነው። ቤቱ በሽተኛ የተኛበት ሰው በስልኩ ከፍቶ ሐኪም ይጠራበታል።

መጀመሪያ የመጡት ፖሊሶች ነገሩን በአጭሩ ቋጩት። በሩ አልተሰበረም፤ የትግል ምልክት የለም፤ ሴትዮዋም ሰሞኑን ዓይኗ እስኪያብጥ ስታለቅስ ታይታለች። ራሷን ጥላለች ተባለ። ወሬው ከቢሮው ወጥቶ ሰፈሯ ደረሰ። ለቅሶ የመጡት ጎረቤቶች እንኳ ምን ብለው እንደሚያጽናኑ ግራ ገብቷቸው ቶሎ ቶሎ ተነሥተው ሄዱ።

አባቷ ግን ከፖሊስ ጣቢያው ኮሪደር ንቅንቅ አልልም አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ሬዲዮ ሲጠግኑ ኖረው በስተርጅና ዓይናቸው የጠፋ ሰው ናቸው። አንዲት ኢንስፔክተር መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የምትዞር፣ ከአንደበቷ ይልቅ ጆሮዋ የሚሠራ ሴት ናት።

«አባቴ፣ እዚህ ብርድ ላይ ምን ያስቀምጥዎታል?»

«ልጄ ራሷን አልገደለችም በይልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«በምን አውቄ ልበልዎት?»

«አመሻሽ ላይ ደውላልኛለች። ያ ሐኪም መጥሪያ ቁልፍ ገጹ አናት ላይ ነበር፤ አሁን ወደ ታች፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ አወረድኩት አለችኝ። ‹ገና በአሮጌዋ ስልክ ላይ ብቻ ነው፣ ከኔ በቀር ያየው የለም› አለች። ደስ ብሏት ነበር። ከዚያ በር ሲከፈት ሰማሁ። ‹አባባ፣ ሰው መጣልኝ፤ ላስሞክርና እደውላለሁ› ብላ ዘጋችው።»

«ማን እንደመጣ አልነገረችዎትም?»

«አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።»

«ይህንን ለሌሎቹ ፖሊሶች ነግረዋቸዋል?»

«ነገርኳቸው። ‹አባባ፣ ሐዘን ነው› አሉኝ።»

ኢንስፔክተሯ ስልካቸውን ተቀብላ አየችው። ጥሪው እንዳሉት ነበር። ከዚያ ተነሥታ ወደ ቢሮው ሄደች።

ሟቿ የምትሠራበት ክፍል «መሞከሪያ» ይባላል። ከውጭ የሚጋበዙ ሰዎች ገጹን ሲጠቀሙ የሚታዩበት ክፍል ነው። አንደኛው ግድግዳ ትልቅ መስታወት ሲሆን፣ ከወዲያ ማዶ የሚቀመጥ ሰው እሱ ሳይታይ ሁሉን ያያል። ወይዘሮ ቀላል ከሞተች ወዲህ በመስታወቱ ፊት ደፍሮ የሚያልፍ ጠፍቷል። አንዱ ብርድ ልብስ አልብሶታል፤ ማን እንዳለበሰው ግን ተጠያይቀው አልተማመኑም። ጠረጴዛው ላይ ጥጓ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ቻርጀር ላይ እንደተሰካች ነበረች።

መጀመሪያ የቀረበው ሥራ አስኪያጁ ነው። ኮቱን እየቆለፈ እየፈታ ተናገረ።

«እኔ በጊዜ ነው የወጣሁት። ቤቴ ነበርኩ።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«ከእሷ ጋር ያልተጣላ ማን አለ? ገጹ ሥራ ላይ ውሎ ሰንብቷል። በማግሥቱ ከሆስፒታሉ ሰዎች ጋር ስብሰባ ነበረን። ‹የምናገረው ጉድ አለኝ› ብላ ልቤን ሰቅላው ነበር። ምን እንደሆነ ብጠይቃት አልነገረችኝም።»

ቀጥሎ የመጣው ፕሮግራመሩ ነው። ከአገጩ እስከ ደረቱ በሚወርደው ጢሙ «ጢሞ» ይሉታል። የዚያን ዕለት ማምሻውን ስፖርት ቤት ነበርኩ አለ።

«በሞተችበት ቀን የቀየረችው ነገር ነበር?»

«ምንም። ሳትነግረኝ አትቀይርም።» ዓይኑ ብርድ ልብሱ ላይ ቀረ። «ኢንስፔክተር፣ ገጹ ሲከፈት ከምስሉ ቀድሞ የሚመጣው ድምፅዋ ነው፤ ታውቂያለሽ? ለማያዩ ሰዎች ብላ ራሷ ናት የቀዳችው። ‹ማን ታመመብዎት?› ትላለች። ሥራ አስኪያጁ ድምፁን አጥፋው አለኝ። ልጫነው እቀርብና እጄ እምቢ ይለኛል።»

«ሰው ስታስሞክር እንዴት ነበር የምታደርገው?»

«ስልኳን ትሰጠዋለች፣ ከኋላው ትቀመጣለች፣ አፏን በእጇ ትይዛለች። ቢሳሳትም አትረዳውም፤ ብትሞት አትረዳውም።» የተናገረው ነገር ለራሱ ሲሰማው ክው አለ። «ሁልጊዜ በዚህች አሮጌ ስልክ ነው የምታስሞክረው። ገጹ ቀስ እያለ ነው የሚከፈትባት። ‹የተቸገረ ሰው ያለው ስልክ ይኼ ነው› ትላለች።»

«ማልቀስ የጀመረችውስ መቼ ነው?»

«አንዲት እናት ለሙከራ የመጣች ቀን። ማይክሮፎኑን ዘግተውት ብዙ አወሩ። እኔና ሠዓሊዋ በመስታወቱ ብቻ ነበር የምናያቸው። ሲላቀሱ አየን።»

ሠዓሊዋ የሚሏት የገጹን መልክና ቀለም የምትሠራዋን ሴት ነው። የሟቿ የቅርብ ጓደኛ ነበረች፤ ከቀብሩ ወዲህም የሽማግሌውን ምግብ የምታበስለውና ቤታቸውን የምትጠርገው እሷ ናት። ፊቷ ገርጥቶ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ መጣች።

«እንቅልፍ አጥተሻል» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

«በዓይኔ አልዞር ብሎኛል። እህቴ ነበረች።»

«ያን ዕለት ማምሻውን የት ነበርሽ?»

«ልጄን ከትምህርት ቤት ወስጄ ቤቴ።»

«ያቺ ለሙከራ የመጣችው እናት ምን እንዳለቻት ነግራሻለች?»

«ኧረ በፍጹም።»

ኢንስፔክተሯ እናትየዋን ፈልጋ አገኘቻት። ባዶ አልጋ ባለበት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ነበር ያነጋገረቻት። ልጇ ትኩሳት ሲያንዘፈዝፈው ያንን ገጽ ከፍታለች። «ሐኪም ጥራ» እና «ሰርዝ» የሚሉት ቁልፎች ጎን ለጎን፣ በአንድ ቀለምና በአንድ መጠን ነበሩ። እጇ እየተንቀጠቀጠ «ሰርዝ»ን ተጫነች። የጠራች መስሏት በሩን ከፍታ ደጅ ደጁን እያየች ጠበቀች። ሐኪም አልመጣም፤ ልጁ ሞተ። «ዲዛይነሯ ‹ጥፋቱ ያንቺ አይደለም› ስትለኝ ነው መተንፈስ የቻልኩት» አለች እናትየዋ።

ኢንስፔክተሯ ወደ ቢሮው ስትመለስ ደረጃው ላይ ቆማ መነጽሯን ደጋግማ ጠረገች፤ መነጽሩ ግን ንጹሕ ነበር። ከዚያ ሦስቱን ሠራተኞች በየተራ መሞከሪያው ክፍል አስገባች። ለሁሉም ያለችው አንድ ነው፦ «በዚህች ስልክ ሐኪም ጥሩልኝ።» ከኋላቸው ተቀምጣ አፏን በእጇ ያዘች።

ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ይቆያል። ከነጩ ውስጥ የሟቿ ድምፅ ይመጣል፦ «ማን ታመመብዎት?» ገጹ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ድምፁን ሲሰማ ወንበሩ ላይ ዘለለ። ስልኳን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ አመልካች ጣቱን አናቷ ላይ ቀስሮ ጠበቀ፤ ገጹ ሲከፈት «የታለ ቁልፉ?» ብሎ አንባረቀ። ጢሞ አውራ ጣቱን እስከ ላይኛው ጥግ ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ፤ ሲከፈት ባዶ ቦታ ተጭኖ «እንዴ!» አለ። ሠዓሊዋ ስልኳን በአንድ መዳፏ ይዛ፣ ድካም እንደተጫነው ሰው አውራ ጣቷን ከታች አሳርፋ፣ እንባዋ እየወረደ ጠበቀች። ሲከፈት ሐኪም ጠራች። ኢንስፔክተሯ ሦስቱንም አመስግና አስወጣቻቸው።

በማግሥቱ ሁሉም እዚያው ክፍል ተሰበሰቡ። አባትየው ወንበር ተሰጣቸው። በሩ አጠገብ ሁለት ፖሊሶች ቆሙ። ኢንስፔክተሯ ብርድ ልብሱን ከመስታወቱ ላይ ስባ ጣለችው። ሠዓሊዋ ፊቷን አዞረች።

«ራሷን ጥላለች የተባለው ስላለቀሰች ነው» ብላ ጀመረች ኢንስፔክተሯ። «ለምን እንዳለቀሰች ግን የጠየቀ የለም። በዚህ ገጽ ምክንያት ልጅ ሞቷል።» የእናትየዋን ታሪክ ነገረቻቸው። ሥራ አስኪያጁ ቁጭ አለ። ጢሞ ጢሙን ጨምድዶ ያዘ።

«ስብሰባው ላይ የምትናገረው ጉድ ይኼ ነው። ልትሞት ያሰበች ሰው የነገ ስብሰባ አትጠብቅም፣ ቁልፍ አስተካክላም በደስታ ለአባቷ አትደውልም። ስትደውል በሩ ተከፈተ። ‹ሰው መጣልኝ፤ ላስሞክር› አለች። ለማታውቀው ሰው እንዲያ አትልም፤ ዘበኛው የማያየውን የኋላ በር በራሱ መክፈቻ ከፍቶ የሚገባም ከእናንተ ሌላ የለም። ሦስታችሁም ግን እዚህ አልነበርንም ብላችሁኛል።»

«እኔ የምሬን አልነበርኩም!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ይታገሡ። ትናንት ያስሞከርኳችሁ ቁልፉን ታገኙት እንደሆነ ለማየት አይደለም። እሱንማ ማንም ያገኘዋል፤ እንዲገኝ አድርጋ ነው የሠራችው። እኔ ያየሁት ገጹ ገና ሳይከፈት ያለውን ነው። ስክሪኑ ነጭ ሳለ ዓይን የሚያየው የለውም፤ እጅ ግን የለመደበት ሄዶ ይጠብቃል። የእርስዎ ጣት አናቱ ላይ ጠበቀ። የጢሞም እንደዚያው። አሮጌው ቁልፍ የነበረው እዚያ ነውና። አዲሱ የነበረው በዚህች ስልክ ላይ ብቻ ነው፤ ሟቿ ለማንም አላሳየችውም፣ ከዚያ ምሽት እንግዳዋ በቀር።»

ወደ ሠዓሊዋ ዞረች።

«አንቺ ሆዬ፣ ያንቺ ጣት ታች ነበር የጠበቀው» አለቻት ሠዓሊዋን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ደክሞኝ ነው» አለች ሠዓሊዋ።

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ብዬ ነበር። ስለዚህ ጢሞን ቁልፎቹን አንድ ቀለም ቀብቶ ጎን ለጎን ያስቀመጠው ማን ነው ብዬ ጠየቅሁት። ሠዓሊዋ ናት አለኝ። ሟቿ መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር አለኝ፤ ለምነሻት፣ ስለምትወድሽ እሺ አለች። ከዚያ የልጅሽ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ያን ዕለት ልጅሽን የወሰደችው ጎረቤትሽ ናት።»

ሠዓሊዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ደጋግማ አስሞከረችኝ» አለች በመጨረሻ። «ጣቴ ወደ ላይ እየሄደ እምቢ አለኝ፤ አሥሬ ‹እንደገና› ትለኛለች። አፏን በእጇ ይዛ። ከዚያ የልጁን ሞት ነገረችኝ። ‹ነገ እናገራለሁ፤ በመጀመሪያ የራሴን ጥፋት፣ ከዚያ ያንቺን› አለች። ለመንኳት። እግሯ ላይ ወደቅሁ። እኔም እናት ነኝ፤ ልጅ የገደለች ስባል ልጄ በምን ዓይኑ ያየኛል? ‹ያቺም እናት ናት› አለችኝ፣ መስኮቱ ጋ ቆማ። ዝም እንድትልልኝ ብቻ ነበር የፈለግሁት። ገፋኋት።»

እጇን ዘርግታ እንደ ሌላ ሰው እጅ አየችው።

«ከዚያ ወዲህ ምንም ልክፈት ምን፣ ጣቴ እዚያው ይሄዳል። በጨለማም ይሄዳል። ልጄን ስዳብስ እንኳ ፀጉሩ ላይ እዚያው ይሄዳል። ልይዘው አልቻልኩም።»

ጢሞ ኮምፒዩተሩ ላይ ተደፍቶ ነበር። «አሮጌው ገጽ አሁንም ሰው ስልክ ላይ አለ» አለ፣ ከማንም ፈቃድ ሳይጠይቅ አዲሱን እየጫነ። ሥራ አስኪያጁ አልከለከለውም።

 አባትየው ፊታቸውን ሠዓሊዋ ወዳለችበት አዞሩ።

«ልጄ» አሏት፤ እንዲህ መጥራቱን ገና አልተዉትም። «ስትወድቅ ምን አለች?»

«አባባ፣ አይጠይቁኝ።»

«ምን አለች?»

«‹ያዢኝ› አለች። እጇን ዘርግታ ‹ያዢኝ› አለችኝ።»

ሽማግሌው ቃሉን ለብቻቸው፣ ያለ ድምፅ፣ በከንፈራቸው ደገሙት። ኢንስፔክተሯ ሊወድቁ ነው ብላ ተጠጋቻቸው። እሳቸው ግን ቀና ብለው ተቀምጠው ነበር።

«መኖር ፈልጋ ነበር ማለት ነው» አሉ።

«አዎ፣ አባቴ።»

«ለሰው ሁሉ ልጄ ራሷን አልገደለችም እላለሁ፤ ሆዴ ግን ትታኝ ሄደች ይለኝ ነበር። ዓይን የሌለኝን ሽማግሌ ጥላኝ ሄደች። መቃብሯ ላይ ሁሉ ሲያለቅስ እኔ አላለቀስኩላትም። ተቀይሜያት ነበር።»

ከዚያ ጮኸው አለቀሱ። የልጅነት ስሟን እየጠሩ፣ ይቅር በዪኝ እያሉ፣ ልጅ እንደሞተበት አባት አለቀሱ። ፖሊሶቹ ሠዓሊዋን ሊወስዱ ሲነሡ ኢንስፔክተሯ በእጇ ጠብቁ አለቻቸው፤ አልቅሰው እስኪወጣላቸው ድረስ ማንም ከክፍሉ አልወጣም።